የድርቁ ጂን ከታወቀ ለምን አንዴ ከፍተው አይተዉትም?

ጥያቄው የመጣው ከራያ ቆቦ ነው። ጠያቂዋ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ናት። እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ፣ ኮሌጅ ሳለን መምህራችን ስለ ድርቅ መቋቋም ሲያስተምረን ግማሹን ሰዓት የጨረሰው ስለ እርሾ እያወራ ነበር። እርሾን ከማሽላ ጋር ምን አገናኘው? ደግሞስ ድርቅ የሚያስችለው ጂን ታውቋል ከተባለ፣ ለምን አንዴ ከፍተው አይተዉትም? ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲቆረጥ ገበሬው የሚጠይቀው እኔን ነው። ምን ልበለው?»

እህቴ፣ ሁለተኛው ጥያቄሽ ከመጀመሪያው ይከብዳል። መልሱ ግን ያለው እርሾው ውስጥ ስለሆነ መምህርሽን አትቀየሚው። ባጭሩ ድርቅ የሚያስችለውና እድገት የሚያስቆመው ሁለት የተለያየ ነገር አይደለም። በአብዛኛው አንድ ነው። ከፍተሽ ብትተዪው ማሽላው ድርቁን ይችል ይሆናል፤ እህል ግን አይሰጥሽም። እንዴት እንደሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳሽ።

ከሱቅ እንጀምር። ለዳቦና ለቀሪቦ የሚገዛውን ደረቅ እርሾ ታውቂዋለሽ። ውስጡ የቀረው እርጥበት ከመቶ አምስት ገደማ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ መደርደሪያ ላይ ወራት ይቀመጣል። ለብ ያለ ውሃና ስኳር ሲያገኝ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ አረፋ ይደፍቃል። ሌላ ሕይወት ያለው ነገር እንዲህ ቢደርቅ አለቀለት። እርሾው የተረፈው ፋብሪካው አስቀድሞ ስላስራበው ነው። ሲያባዙት ሞላሰስ በትንሽ በትንሹ እየሰጡ አየር ይነፉበታል። ሊጨርሱ ሲሉ ምግቡን ይቀንሱበታል። እርሾውም ክፉ ቀን መጣ ብሎ እድገቱን ይገታና ትሬሃሎዝ የሚባል ስኳር ያከማቻል። ውሃው ሲወጣ ፕሮቲኖቹና የሴሉ ሽፋን እንዳይፈራርሱ የሚጠብቃቸው በዋናነት ይሄ ስኳር ነው። በፈጣን እድገት ላይ እያለ በድንገት ቢያደርቁት አብዛኛው ይሞት ነበር።

እርሾው «ክፉ ቀን መጣ» የሚለው በምን አውቆ ነው? ኤምኤስኤን2 እና ኤምኤስኤን4 የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች አሉት። ሥራቸው ኒውክለስ፣ ማለትም ጂኖቹ ያሉበት የሴሉ እምብርት፣ ገብተው ዲኤንኤው ላይ መቀመጥና የመከላከያ ጂኖችን ማስነሳት ነው። ስኳር ሞልቶ ሲተርፍ ግን ፒኬኤ የሚባል ኢንዛይም ፎስፌት ይለጥፍባቸውና ከኒውክለስ ውጭ ያስቀራቸዋል። ስኳሩ ሲያልቅ፣ ሙቀት ሲጨምር ወይም ጨው ሲበዛ የፒኬኤ ጉልበት ይደክማል። ያን ጊዜ ሁለቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይገባሉ። ልብ በይ፣ መከላከያው ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። የሚጠብቀው የሚቀሰቅሰውን ሳይሆን የያዘው እንዲለቀው ነው። ይህን ያዢልኝ፤ ማሽላው ላይም ታገኚዋለሽ።

እ.ኤ.አ. በ2000 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እርሾን በሙቀት፣ በጨው፣ በረሃብና በሌላም በሌላም አስጨንቀው ወደ 6,000 የሚጠጉት ጂኖቹ ምን እንደሚሆኑ በአንድ ላይ ተመለከቱ። ጫናው ምንም ይሁን ምን 900 ገደማ ጂኖች ተመሳሳይ ምላሽ ሰጡ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ሥራቸው ስለጨመረው 300 ገደማ ጂኖች ነው። የቀሩት 600 ገደማ ግን የሚቀንሱ ናቸው። እነዚህ ፕሮቲን መሥሪያውን ራይቦዞም የሚገነቡ፣ ባጠቃላይ የእድገት ጂኖች ናቸው። ክፉ ዘመን ሲመጣ አንድ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው እህል መግዛት አይደለም፤ ሠርጉን ማስተላለፍ ነው። እርሾውም እንደዚያው ነው።

አሁን ለጥያቄሽ ቁልፍ የሆነውን ሙከራ ልንገርሽ። ፒኬኤን የሚሠሩትን ጂኖች ሁሉ ከእርሾ ብታወጪ እርሾው አያድግም። ለረጅም ጊዜ የሚታሰበው ፒኬኤ ራሱ ለእድገት የግድ ስለሆነ ነው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪዎች ከዚያው እርሾ ላይ ኤምኤስኤን2ንና ኤምኤስኤን4ን ጨምረው አወጡ። ጉድ ነው፤ እርሾው ማደግ ጀመረ። እንግዲህ እድገቱን አንቆ ይዞት የነበረው የፒኬኤ መጥፋት ሳይሆን ሳይዘጋ የቀረው የመከላከያ ፕሮግራም ነበር ማለት ነው። «ለምን ከፍተው አይተዉትም?» ላልሽው ከዚህ የጠራ መልስ አላውቅም። ከፍተው አይተውታል፤ እድገት ቆመ።

ሌላም አለ። እርሾን ለአንድ ሰዓት ያህል 37 ዲግሪ ላይ ብታቆዪው፣ በኋላ 50 ዲግሪ ሲመጣበት ብዙው ይተርፋል። ሳታለማምጂው በቀጥታ 50 ብታደርጊው ያልቃል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በመጀመሪያው ጫና የሚነሱት አብዛኞቹ ጂኖች ያን የመጀመሪያውን ጫና ለማለፍ ብዙም አያስፈልጉም። ዝግጅቱ ለሚቀጥለው ነው።

ወደ መምህርሽ ልመለስ። እርሾ ቅጠል የለው፣ ሥር የለው፤ ከማሽላ ጋር ምን አገናኘው? የተገናኙት በቁሳቁሱ ነው። እርሾ ውስጥ ስንፍ1 የሚባል ካይኔዝ አለ። ካይኔዝ ማለት ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም ነው። ስንፍ1 የሌለው እርሾ ግሉኮስ ሲያልቅበት ወደ ሌላ ምግብ መዞር አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1991 ተመራማሪዎች ከራይ፣ ማለትም ከስንዴ ዘመድ ከሆነው እህል፣ ተመሳሳይ ጂን ወስደው ስንፍ1 የጎደለው እርሾ ውስጥ ከተቱት። እርሾው ዳነ። የእህሉ ጂን ሳይቸገር የእርሾውን ሥራ ሠራ። እርሾና ተክል ከተለያዩ ከቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ይሄ መሣሪያ ግን እስከዛሬ ይተካካል። ጨው ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እርሾ ጨው ሲበዛበት ሆግ1 በሚባል የመልእክት ማስተላለፊያ መስመር ግሊሰሮል አምርቶ ውሃውን ይይዛል። በዚያ መስመር ጫፍ ላይ ሆኖ ጨውን የሚያሸት ፕሮቲን አለ። እሱ የጎደለውን እርሾ ከአራቢዶፕሲስ፣ ያቺ የጎመን ዘመድ የሆነች የላቦራቶሪ አረም፣ የተወሰደ ጂን ተክቶለታል።

ተክሎች የስንፍ1ን ቤተሰብ ወስደው አባዙት። አንዱ ቅርንጫፍ ስንርክ1 ይባላል፤ እንደ እርሾው ረሃብን ይከታተላል። ሌላው ስንርክ2 ነው። የድርቁ ጉዳይ ያለው እሱ ጋ ነው።

አፈሩ ሲደርቅ ማሽላው አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ያመርታል። በደህና ጊዜ ፒፒ2ሲ የሚባሉ ኢንዛይሞች ስንርክ2ን አፍነው ይይዙታል። ሆርሞኑ ሲመጣ የሚቀበለው ፕሮቲን ይይዘዋል፤ ሁለቱ ሆነው ፒፒ2ሲ ላይ ይለጠፉና ያስቆሙታል። ያኔ ስንርክ2 ይለቀቃል። ያዢልኝ ያልኩሽ ነገር ይሄ ነው፤ እዚህም ምላሹ የሚጀምረው አፋኙ ሲታፈን ነው። ሆርሞኑ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ተቀባዩ በትክክል የታወቀው ግን ገና እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ያኔም ቢሆን እርሾ አገልግሏል። ሁለት ፕሮቲኖች ይያያዙ እንደሆነ ለማወቅ እርሾ ውስጥ አስገብቶ የመፈተን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1989 ወጥቶ ነበር፤ ተቀባዩና ፒፒ2ሲ እንደሚያያዙ የታየው በዚህ ዘዴ ጭምር ነው። መምህርሽ ግማሹን ሰዓት ለእርሾ ቢሰጥ አልፈርድበትም።

ስንርክ2 ሲለቀቅ ሁለት ነገር ያደርጋል። ኒውክለስ ውስጥ የመከላከያ ጂኖችን ያስነሳል። ይሄ ሰዓታት ይፈጃል። ቅጠሉ ላይ ደግሞ የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹን ያስዘጋል። ይሄ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ቀዳዳው ሲዘጋ ውሃ አይወጣም፤ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድም አይገባም። ካርቦን ካልገባ ስኳር የለም። ስኳር ከሌለ ዘለላው በምን ይሞላል? መስከረም ላይ እኩለ ቀን ሲሆን የቆቦ ማሽላ ቅጠሉን ጠቅልሎ ስታዪው፣ ውሃ እየቆጠበ ብቻ ሳይሆን እየተራበም ነው። ለነገሩ ውሃ ከቅጠል ሲተን ያቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ቀዳዳው የተዘጋ ቅጠል ይሞቃል። ቀዳዳቸውን መዝጋት ያቃታቸውን ተክሎች በሙቀት ካሜራ ከሌሎቹ ለይተው በማውጣት ነው ዋነኛውን የስንርክ2 ጂን እ.ኤ.አ. በ2002 ያገኙት። ቀዝቅዘው የታዩት ችግር ያለባቸው ናቸው።

ከፍቶ መተው ተክል ላይም ተሞክሯል። የጃፓን ተመራማሪዎቹ ካዙኦ ሺኖዛኪና ካዙኮ ያማጉቺ-ሺኖዛኪ እ.ኤ.አ. በ1998 ድሬብ1ኤ የሚባለውን ጂን ከባልደረቦቻቸው ጋር አስተዋወቁ። ብዙ የመከላከያ ጂኖችን ባንዴ የሚያስነሳ አዛዥ ጂን ነው። አራቢዶፕሲስ ውስጥ ሁልጊዜ እንዲሠራ አደረጉት። ተክሎቹ ድርቁን፣ ብርዱን፣ ጨውን ቻሉ። ግን ደህና ውሃ እያገኙም ድንክ ሆነው ቀሩ። በቀጣዩ ዓመት ጂኑን ጫና ሲመጣ ብቻ ከሚነሳ ማስነሻ፣ ማለትም ጂንን ከሚያስነሳ የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ጋር አያያዙት። መቋቋሙ እንዳለ ሆኖ ድንክነቱ በጣም ቀነሰ። ከፒፒ2ሲዎቹ ሦስቱን ያጡ ተክሎችም አብሲሲክ አሲዱ በደንብ ሳይመጣ ድርቅ እንዳለ ያህል ይሆናሉ፤ እድገታቸውም ይቀጭጫል። እንግዲህ የሚያስፈልገው ጂኑ መኖሩ ብቻ አይደለም። መቼ፣ የት፣ ምን ያህል የሚለው ነው። ጂኑማ ማሽላሽ ውስጥ ድሮም አለ።

እንደኔ እንደኔ ግን ገበሬውን ይበልጥ የሚመለከተው ሌላ ነው። ተክል ጫናን የሚያልፈው በመከላከያ ብቻ አይደለም፤ የእድገቱን ፕሮግራም በማስተካከልም ነው። እርሾም ናይትሮጅንና ስኳር ሲያጣ ኢሜ1 የሚባል ጂን ይነሳና ሴሉ መባዛቱን ትቶ አራት ስፖር ይሠራል፤ ደህና ቀን እስኪመጣ በዚያ ይቆያል። ማሽላ ሁለት መንገድ አለው፤ ቶሎ አፍርቶ ማምለጥ ወይም ውሃውን አብቃቅቶ መዝለቅ።

መቼ እንደሚያብብ የሚወስነው በብዛት የቀን ርዝመት ነው። ማሽላ የሚያብበው ቀኑ ሲያጥር ነው። ቆቦ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቢሆንም የአገሬው ማሽላ ይቆጥረዋል። ማ1 የሚባለው ጂን ቀኑ ረጅም እስከሆነ ድረስ አበባውን ይይዘዋል። እንደ ጅጉርቲና ደጋሊት ያሉት ረጅም ጊዜ የሚወስዱ ዘሮች በሚያዝያ ዝናብ ተዘርተው ክረምቱን ሙሉ አገዳና ቅጠል ሲያበጁ ይቆያሉ። ዝናቡ እስከ መስከረም ከዘለቀ ወይም ከተራራው ጎርፍ ተጠልፎ ከደረሳቸው ምርታቸው ደስ ይላል፤ አገዳውም ለከብት ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከተቆረጠ ግን ገና ራስ ሲያወጡ ይደርስባቸዋል። የሚያዝያው ዝናብ ሲቀር ገበሬው ትቶ በሰኔና በሐምሌ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር የሚዘራው ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ነገር አለው። ዝናብ ከቆመ በኋላም ቅጠላቸው አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ማሽላዎች አሉ። ዓለም ላይ ይበልጥ የተጠናው ምንጭ ቢ35 የሚባለው ነው፤ የተገኘው ከኢትዮጵያ የገበሬ ማሽላ ነው። ኢ36-1 የሚባለው ሌላው ምንጭም የኛው ነው። የቢ35 ባሕርይ ከስቴ-ግሪን 1 እስከ 4 በሚባሉ አራት የዲኤንኤ ክልሎች ይመራል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም የጠበቀው ድርቅ ሲመጣ የሚነሳ ኃይለኛ የመከላከያ ጂን ነበር። የተገኘው ከዚያ ይለያል። እነዚህ ክልሎች ገና ድርቁ ሳይመጣ ተክሉ ከሥሩ የሚያወጣውን ተጨማሪ ቡቃያ ይቀንሳሉ፤ የላይኞቹን ቅጠሎችም ያሳንሳሉ። ተክሉ ከማበቡ በፊት አነስተኛ ውሃ ይጠጣል። የተረፈው አፈር ውስጥ ይቆይና ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ ይደርስለታል። ድርቁን የቻለው በሐምሌ ባደገበት አኳኋን ነው እንጂ በመስከረም ጀግንነት አይደለም። ዝናቡ በተትረፈረፈበት ዓመት ግን ያ ትንሽ ቁመና ምርት ሊያስቀር ይችላል። ዋጋው አይቀርም።

ስለ አቀንጭራ፣ የማሽላን ሥር ስለምትመጠው አረም፣ ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል፤ እናንተ አካባቢ የባሰ ነውና። ማሽላ ፎስፈረስ ሲያንሰው ከሥሩ ስትሪጎላክቶን የሚባል ነገር ያወጣል። ሥሩን የሚያግዙ ፈንገሶችን የሚጠራበት ነው። ይኸው ሆርሞን ተክሉ ውስጥ ደግሞ ቅርንጫፍ እንዳይበዛ ይከለክላል፤ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። የረሃብ ምላሽና የእድገት ቅርጽ እዚህም ተጣምረዋል ማለት ነው። አቀንጭራ ታዲያ ይሄን ጥሪ መስማት ለምዳለች። አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝታ የቆየችው ዘር ስትሪጎላክቶኑን ስታሸት ትበቅልና ሥሩ ላይ ትጣበቃለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታና ባልደረቦቻቸው የመረጧቸው ማሽላዎች፣ ጎብዬና አብሽርን ጨምሮ፣ ይህን ጥሪ በብዛት የማያሰሙ ናቸው። ከጀርባው ያለው ኤልጂኤስ1 የሚባለው ጂን እ.ኤ.አ. በ2017 ተለየ። ጂኑ ሲጠፋ ሥሩ የሚያወጣው ስትሪጎላክቶን ዓይነቱ ይለወጥና አቀንጭራን እምብዛም አይቀሰቅስም። የደኸየ መሬት ላይ አቀንጭራ የሚበረታውም ለዚህ ነው፤ ፍግና ማዳበሪያ ጥሪውን ያሳንሰዋል።

ለገበሬው ምን ልበለው ላልሽው፣ ስለ ጂን ባታወሪው ይሻላል። ድርቅህ የሚመጣው መቼ ነው ብለሽ ጀምሪ። ችግኝ ላይ ነው? ሲያብብ ነው? ሲያሽት ነው? ለአንዱ የሚሆነው ዘር ለሌላው አይሆንም። ዝናቡ ነሐሴ ላይ ለሚቆረጥበት ማሳ ፈጥኖ የሚደርሰውን ምከሪው። ጎርፍ ለሚጠልፈው ረጅሙን ዘሩን አታስጥይው፤ ያውቅበታል። ሽልሻሎ ሲያደርግ፣ ማለትም በቆመው ማሽላ መሀል ሲያርስ፣ ቦዩን በየተወሰነ ርቀት በአፈር ይድፈነው፤ የነሐሴ ዝናብ ውሃው እዚያው ይሰርጋል። ማሽላው የመከላከያ ፕሮግራሙን ሳይጀምር በቆየ ቁጥር ፍሬው ይሞላል።

አንቺም ልትሠሪው የምትችይው አለ። መስከረም መጨረሻ ላይ ማሳ ውስጥ ገብተሽ አረንጓዴ የቀሩትን ተክሎች ፈልጊ። ግን ተጠንቀቂ። ዘለላው ባዶ የሆነ ማሽላ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ከቅጠሉ የሚስብ ፍሬ የለማ። እሱን ተዪው። ዳር ላይ ያለውንም ተዪው፤ የጎረቤቱን ውሃ ጠጥቶ ነው። ዘግይቶ ያበበውንም እንደዚሁ፤ ገና ወጣት ስለሆነ ነው። የምትፈልጊው ማሳው መሀል ያለ፣ ከአጠገቡ ካሉት ጋር በአንድ ሳምንት ያበበ፣ ዘለላው የሞላና የታችኛው ቅጠሉ ያልደረቀ ነው። ለዚህ ደግሞ ሲያብቡ ቀኑን መጻፍ አለብሽ፤ ባለቀለም ክር እሰሪባቸው። የመረጥሻቸውን ዘለላ ለየብቻ ውቂና በሚቀጥለው ዓመት እያንዳንዱን በራሱ መስመር ዝሪው። ማሽላ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ቢያዳቅልም ከጎረቤት የሚመጣ ብናኝ አይጠፋም፤ ስለዚህ ዘለላውን እንዳወጣ፣ ሳያብብ፣ በወረቀት ከረጢት ሸፍኚው። ሁለት ክረምት በተከታታይ ከጸናልሽ ዘሩን ከማስታወሻሽ ጋር ይዘሽ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ሂጂ፤ ያበበበትንና ዝናቡ የቆመበትን ቀን ጨምረሽ ንገሪያቸው።